እንግዳው ያየው፣ ባላገሩ ያየው

የደባርቅ ብርድ ሲመሽ እንደሚብስ ከባሕር ማዶ ለመጣችሁ እንግዶቻችን ቀድመን መንገር ነበረብን። ካፖርት የለበሳችሁ አታውልቁ፤ ጋቢ ያላችሁም ለጎረቤት አካፍሉ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር የሚደረግ የወንጌል ጉዞ፣ በዚያም ጉዞ ሰው ስለሚያየውና ስለ እምነቱ ስለሚያስበው ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚናገረው ተጓዡ ነው። አገሩ ሲመለስ ፎቶግራፍ የሚያሳየው እሱ፣ ጉባኤ ፊት ቆሞ የሚመሰክረው እሱ፣ መጽሐፍ የሚጽፈውም እሱ ነው። እኔ ዳባት ተወልጄ ደባርቅ ያደግሁ፣ ጉዞው የሚያበቃበት ቦታ ሰው ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከዚህኛው ጫፍ ልጀምረው።

ከጎንደር ወደዚህ የሚመጣ እንግዳ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኮሶዬ ላይ ወርዶ ገደሉን ያያል፤ አምባ ጊዮርጊስን ያልፋል፤ የወገራን የገብስ ማሳ ያቋርጣል፤ ዳባት ላይ ቡና ይጠጣል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሻንጣውን ደረጃ ሲያወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ልጆች «ፈረንጅ!» ይሉታል፤ «ሃይላንድ!» እያሉ ባዶውን የውኃ ፕላስቲክ ይለምኑታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በድምፅ ማጉያ የሚወጣው ማሕሌት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። በማግስቱ ማስታወሻ ደብተሩን ያወጣል። እኔም ባስተረጎምሁባቸው ጊዜያት እንደሰማሁት፣ ዛሬ የሚያስተረጉሙት ልጆቻችንም እንደሚነግሩኝ፣ ከየደብተሩ የማይጠፋ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ምንም የላቸውም፤ ግን ደስተኞች ናቸው።»

በክፋት የተባለ አይደለም። የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ግማሽ ልክ አይደለም። «ምንም የላቸውም» ሲል የቆጠረው ቤቱ ውስጥ የጎደለውን ነው። ጎታው ውስጥ ስላለው ገብስ፣ ስለ ዕድሩ፣ በየወሩ ስለሚዞረው የጽዋ ማኅበር፣ ሞት ሲመጣ ሳይጠራ ስለሚሰበሰበው ጎረቤት ማን ነገረው? «ደስተኞች ናቸው» ሲልም እንግዳ ፊት የሚታየውን ፊት ነው ያነበበው። እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት ማኩረፍ ነውር ነው። ያቺ ፈንድሻ በትና ቡና ያፈላችለት ሴት ወንድሟን ጭና ላይ ቀብራ ሊሆን ይችላል። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ጭና ተክለ ሃይማኖት የዳባት ወረዳ መንደር ናት፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት እዚያ ሲደርስ ሰላማዊ ሰዎች በየደጃቸው ተገድለውባታል። ሴትዮዋ ይህን አታወራም። ሁለተኛ ቡና፣ ሦስተኛ ቡና ትቀዳለች፤ እንግዳው «ደስተኞች ናቸው» ብሎ ይጽፋል።

ቸኩሎ የተጻፈ ትዝብት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ነገሩ እዚሁ ወገራ ሜዳ ላይ ደርሷል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የመዘገቡት እነሱ ናቸውና።

ሄንሪ ስተርን ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወልዶ ለንደን ላይ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነው። ለአይሁድ ወንጌል የሚሰብክ የለንደን ማኅበር በ1860 ወደ ጎንደር አካባቢ ላከው፤ ዓላማውም በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን ይኖሩ ወደነበሩት ቤተ እስራኤሎች መድረስ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደኅና ተቀበሉት። አገሩ ተመልሶ በ1862 ያየውንና የሰማውን በመጽሐፍ አሳተመ። ከሰማው ወሬ አንዱ የንጉሡ እናት ደህይተው ኮሶ ይሸጡ ነበር የሚለው ነው። ልብ በሉ፤ ኮሶ መሸጥ ወንጀል አይደለም፤ በዚያ ዘመን ኮሶ የማይጠጣ መኳንንትም አልነበረም። ነገር ግን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ ንጉሡን ገና ካሣ ኃይሉ ከሚባሉበት ከልጅነታቸው ጀምሮ የተከተለ፣ ደም ያፈሰሰም ነገር ነበር። ስተርን ይህን እንደ አንድ የመንገድ ወሬ ጻፈው። መጽሐፉ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ እዚህ የሚመጣ አልመሰለውም።

በ1863 ተመልሶ መጣ። ሥራውን ጨርሶ ወደ ምጽዋ ሲወርድ በጥቅምት ወር ወገራ ላይ የንጉሡን ድንኳን አየ፤ ሳይሰናበት ማለፍ ነውር መስሎት ጎራ አለ። ንጉሡ በዚያ ሰዓት በፈረንጅ ሁሉ ተቆጥተው ነበር። ሁለት አገልጋዮቹ እፊቱ በዱላ ተደብድበው ሞቱ። እሱ ደንግጦ ጣቱን ወደ አፉ አደረገ፤ ይህ በእኛ አገር «ቆይ ብቻ» ብሎ መዛት ነው፤ እሱም ተደበደበ፣ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቶቹና መጽሐፉ ተፈትሸው ጎንደር ላይ የተከሰሰው። እስከ ሚያዝያ 1868፣ እንግሊዞች መቅደላ እስኪገቡ ድረስ፣ በአብዛኛው በሰንሰለት ኖረ።

ንጉሡ ልክ ነበሩ እያልሁ አይደለም፤ የሁለቱ አገልጋዮች ደም በምንም አይታጠብም። መጽሐፉ ብቻውን ያን ሁሉ መከራ አመጣ ማለቴም አይደለም፤ ከለንደን መልስ ያልተሰጠው የንጉሡ ደብዳቤ አለ፤ ሌላም ብዙ ነገር አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ስተርን በዚያ ቀን ያደረጋቸው ሁለት ነገሮች፣ ለስንብት ጎራ ማለቱም ሆነ ጣቱን አፉ ላይ ማድረጉ፣ የመጡት አገሩን ሳያውቅ ያወቀ ስለመሰለው መሆኑ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነው። የአንድ ጣት ምልክት ግን ውስጡ አልነበረም።

የስብከቱስ ፍሬ? ቴዎድሮስ ለሚስዮኖቹ ፈቃድ ሲሰጡ አንድ ነገር ደንግገው ነበር፤ አምኖ የሚጠመቅ ሁሉ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ አሉ። ባላገሩ ለእንግዳው ሥራ ልክ የሰጠበት ብልህ ውሳኔ ይመስለኛል፤ የሚከራከረኝ ካለ ከንግግሩ በኋላ እሰማለሁ። ቤተ እስራኤሎቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። በእነሱና በሚስዮኖቹ መካከል የሃይማኖት ክርክሩ ከፍቶ በነበረበት በ1862 አባ ማሕሪ የሚባሉ መነኩሴያቸው ሕዝቡን አስነሥተው፣ እግዚአብሔር ባሕሩን ይከፍልልናል ብለው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ትግራይ ላይ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው፤ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ይህም የሃይማኖት ጉዞ ነው። በለንደን ጉባኤ ላይ ስለ ሚስዮን ጉዞ ሲመሰከር ግን የእነዚህ ሰዎች ጉዞ የሚቆጠር አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ከስተርን በፊት ስለመጣ ሰው ልንገራችሁ፤ ይህኛውን እወደዋለሁ። ሳሙኤል ጎባት ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር የላከው። በ1830 ከትግራይ ተነሥቶ ጎንደር ገባ፤ ግማሽ ዓመት ያህልም ተቀመጠ። ጎንደር ያኔ ስለ ክርስቶስ ልደት በሚደረግ ክርክር የተከፋፈለች ከተማ ነበረች፤ ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባለ ካህን ከካህን አይበላም ነበር። እንግዳ በዚህ መካከል ሲገባ ሁሉም ወደየራሱ ሊጎትተው ይሞክራል። ጎባት ወገን መያዙን ትቶ ከሊቃውንቱ ጋር መጽሐፍ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። እጨጌውን ሳይቀር እየሄደ ያነጋግር ነበር። ጓደኛው ኩግለር በዚያው ዓመት ማብቂያ አድዋ ላይ ሞተ፤ እሱም ጦርነት አሳድዶት ደብረ ዳሞ ተጠልሎ ከረመ። የዕለት ማስታወሻው በ1834 ታትሟል፤ ውስጡ የሚያስቀይም ነገር የለም አልልም፤ እኛን ሲወቅስ ለስላሳ አይደለም። ነገር ግን የሰዎቹ መልስ አለበት። ካህኑ ያለው፣ ደብተራው የመለሰው፣ ገበሬው የጠየቀው ተጽፏል። ትዝብት ማለት ለእኔ እንዲህ ያለው ነው፤ ባላገሩም የሚናገርበት።

ጎባት ይዞት የመጣው ስጦታ በአማርኛ የታተመ ወንጌል ነው። ሰው እየተሻማ ይወስደው ነበር። ከየት መጣ ይህ ወንጌል? ጎጃሜው መነኩሴ አባ አብርሃም፣ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ የሚሏቸው፣ ግብፅ ላይ አሰላን ከሚባል ፈረንሳዊ የቆንስላ ሰው ጋር ዐሥር ዓመት ያህል ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። አባ አብርሃም በካይሮ ወረርሽኝ ሞቱ። ጽሑፉን በ1820 የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እንግዲህ ፈረንጁ በበቅሎ ጭኖ ያመጣልን ወንጌል የጎጃም ሰው ላብ ነው። አሳታሚው የውጭ ሰው፣ ገንዘቡም የውጭ ገንዘብ መሆኑን አልክድም፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። «ወንጌል አመጣንላችሁ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ግን አባ አብርሃም ትዝ ይሉኛል።

ደግሞ የኛው የስሜን ሰው፣ ገዥው ደጃዝማች ውቤ አሉ። በ1841 ከግብፅ ጳጳስ ለማምጣት መልእክተኞች ሲልኩ አብሮ እንዲሄድ የጠየቁት የካቶሊክ ሚስዮናዊ የነበረውን ጣልያናዊውን ዩስቲኖ ደ ያቆቢስን ነው። የመጡት ጳጳስ፣ አቡነ ሰላማ፣ ካይሮ ላይ የተማሩት በፕሮቴስታንቶች ትምህርት ቤት ነበር፤ መጥተውም ካቶሊኮቹን አሳደዱ። እዚህ አገር የሃይማኖት ታሪክ በቀላሉ በጎራ አይከፈልም። እነዚሁ አቡነ ሰላማ ናቸው በ1855፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ ውቤን ድል ያደረጉትን ካሣን ዐፄ ቴዎድሮስ ብለው የቀቡት። ደ ያቆቢስ ግን እንደ አገሬው መነኩሴ ለብሶ፣ በእግሩ እየሄደ፣ ጾማችንን እየጾመ ኖሮ ዛሬ ኤርትራ በምንለው ምድር ሞተ። እምነቱን ያልተቀበሉትም አኗኗሩን አልነቀፉም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የነበሩትን ኢየሱሳውያን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1603 መጥቶ ቋንቋውን ተማረ፤ ታገሠ፤ ንጉሡን ሱስንዮስን ወዳጅ አድርጎ ወደ ካቶሊክ እምነት አመጣ። ከእሱ ሞት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን እንደገና ላጥምቅ፣ የተካነውን እንደገና ልካን አለ። በ1632 አገሩ በደም ታጥቦ ሃይማኖቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሜንዴዝ ያየው ሕዝብ ክርስቲያን መሆኑን ያላየ ሰው ነበር።

ክርስትና ራሱ ወደዚህ አገር እንዴት እንደገባ እናስታውስ። ፍሬምናጦስ የጢሮስ ልጅ ነው፤ መርከባቸው ቀይ ባሕር ዳር ላይ ተጠቅታ ሰዎቹ ሲገደሉ በሕፃንነቱ ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ። ለመስበክ አልተላከም። ለዓመታት አገለገለ፣ ቋንቋውን እዚያው እያደገ ተማረ፣ ነገሥታቱን አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ ነው እስክንድርያ ወርዶ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰው። ከሣቴ ብርሃን ያልነው እንግዳ አስቀድሞ የቤቱ አገልጋይ ነበር። ወደ ስሜን የመጣው ታላቅ እንግዳ ደግሞ ቅዱስ ያሬድ ነው። ከአክሱም ተሰናብቶ እነዚህ ተራሮች ውስጥ ገባ፤ ትውፊታችን እንደሚለው ግንቦት 11 ቀን እዚሁ ተሠወረ። አባ ያሬድ የምንለው ተራራ ስሙን ይዟል። ያሬድ ወደ ስሜን ሲመጣ ስንት ሰው እንደሚያሳምን ቆጥሮ አልመጣም፤ ሊጸልይ ነው የመጣው። ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንግዳውን የሚቀሰቅሰው ማሕሌት ግን የእሱ ነው።

ወደ ዛሬ ልመለስ። የአሁኖቹ ተጓዦች እንደ ስተርን ዓመታት አይቆዩም፤ ሁለት ሳምንት ቢቆዩ ነው። ከመካከላቸው የእኛው ልጆች እየበዙ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከዚህ የወጡ፣ እነሱ አሜሪካ ወይም አውሮፓ የተወለዱ። አንዲት እንዲህ ያለች ወጣት ከቤተ ክርስቲያኗ ቡድን ጋር መጥታ ዳባት ገጠር አንድ ቤት አብሬያት ገባሁ። አማርኛዋ ስለሚያንሳት እኔ አስተረጉማለሁ። ባልቴቲቱን «ስለ ምን ልጸልይልዎ?» ብላ በጣም በአክብሮት ጠየቀች። ባልቴቲቱ ትንሽ አሰቡና «እኔስ ክርስትና ስምሽ ማን ነው ልልሽ ነበር ልጄ፤ በጸሎቴ ላስብሽ» አሏት። ልጅቱ ቤተ ሰቧ ጴንጤ ስለሆነ የክርስትና ስም የላትም። ይህን ስነግራቸው ባልቴቲቱ አልተቆጡም፤ «እንግዲያ እናትሽ ያወጣችልሽን ንገሪኝ፤ እግዜር በሁሉም ያውቅሻል» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ልጅቱ ልትጸልይ መጥታ የተጸለየላት ሆነች።

መኪና ውስጥ ብዙ አላወራችም። በኋላ ግን «እኔ ለሰው መጸለይ እንጂ ሰው እንዲጸልይልኝ መፍቀድ አልተማርሁም» አለችኝ። ስለ ሚስዮን ጉዞ ከሰማሁት የእምነት ነጸብራቅ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። የሄደ ሰው እምነቱ የሚፈተነው ሲሰጥ አይመስለኝም። ሰጪ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ደሃ ያላት ሴት ስሙን ጠይቃ በጸሎቷ ስታስገባው ምን ይሰማዋል? ያ ይመስለኛል ፈተናው።

ለቡድን መሪዎች አንዳንድ ተራ ነገር ልናገር፤ ትልቅ ነገር አይደለም። ዐቢይ ጾም ውስጥ አትምጡ አልልም፤ ከመጣችሁ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ካህን ፊት የሥጋ ቆርቆሮ አትክፈቱ። ለልጆች መንገድ ላይ ብስኩትና እስክርቢቶ አትበትኑ፤ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አለው፣ ለእሱ ስጡ። ሰው ሲጸልይ ፎቶ አታንሡ። ማስታወሻችሁን ጻፉ፤ ለጉባኤ ከማንበባችሁ በፊት ግን እዚህ ላለ አንድ ሰው አንብቡለት። ስተርን መጽሐፉን ሳያሳትም አንድ የጎንደር ሰው አስነብቦት ቢሆን ኖሮ ያች የኮሶ ወሬ የምትቀር ይመስለኛል።

ለእኛም ለባላገሮቹ አንድ ነገር አለኝ። እንግዳ ፊት ሁልጊዜ ፈገግ እያልን፣ ችግራችንን እየደበቅን፣ ኋላ ደግሞ «አልገባቸውም» ብለን እናማለን። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ አለ፤ ከኤርትራ ተሰደው የመጡ ወገኖች የሚኖሩበት መጠለያ። ጦርነቱ ያቆሰላት ወረዳ ሌላ ስደተኛ ተቀብላለች። ከእኛ ስንቶቻችን እዚያ ሄደን ስም ጠየቅን? ተጓዥ ቡድን ከሩቅ አገር ትኬት ቆርጦ ሲመጣ እንተቻለን፤ እኛ ግን የአንድ ሰዓት መንገድ አልሄድንም። ይህን የምለው እኔንም ጨምሬ ነው።

ባላገሩ ራሱ ስለሠራው ሥራ ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ፍላድ የሚባለው ሚስዮናዊና ጓደኞቹ ጀንዳ ላይ ደምቢያ ውስጥ ሥራ ጀምረው ነበር። ከመቅደላ በኋላ የውጭ ሚስዮናውያን እንዲመለሱ ሳይፈቀድላቸው ቀረ፤ ሥራውን ለአሥርት ዓመታት የያዙት እንደ ሚካኤል አረጋዊ ያሉ የአገሬው ልጆች ናቸው። ሚካኤል ከቤተ እስራኤል ወገን የተወለደ፣ ባሕር ማዶ የተማረ፣ ተመልሶ ግን እዚሁ የኖረ ሰው ነው። ስለ እሱ የሚያጠና ተማሪ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ቢወጣ ደስ ይለኛል፤ ርእስ ለሚፈልግ ይኸው።

እኔ ብዙ ተናገርሁ። ቀሳውስቱ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በየዓመቱ እንግዳ የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ ለእንግዳ ስታበስሉ የኖራችሁ እናቶች አላችሁ፤ እስካሁን ስለ እንግዶቹ ምን እንዳያችሁ የጠየቃችሁ ሰው አልሰማሁም። ማይክራፎኑን ለእማሆይ አቀብሉልኝ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይዙር። እንግዶቻችን ደብተራችሁን ክፈቱ፤ አስተርጓሚ አለ።